ለእማዬ፣ ከኦሳካ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። መነጽርሽን አድርገሽ ይህን ደብዳቤ ራስሽ አንብቢው። ለእህቴ አንብቢልኝ ብለሽ እንዳትሰጫት።

ባለፈው በስልክ «ምን በላህ?» ብለሽኝ ሳልመልስ መስመሩ ተቋረጠ። ኡዶን ነው የበላሁት። ወፍራም የስንዴ ኑድል ነው፤ ትኩስ መረቅ ውስጥ ይገባና ጣፈጥ ያለ የተጠበሰ ቶፉ፣ ያ ከአኩሪ አተር የሚሠራው፣ ይደረግበታል። ባቡር ጣቢያው ውስጥ ቆመው የሚበሉበት ቤት አለ። በሩ ላይ ካለው ማሽን ቲኬት ትቆርጫለሽ፣ ለሰውየው ትሰጪዋለሽ፣ ወዲያው ሳህኑ ፊትሽ ይቀርባል። ሁሉም ለየብቻው በልቶ ይወጣል። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እያልሽ ስላሳደግሽን መጀመሪያ ጉሮሮዬን ያንቀኝ ነበር። አሁን ለምጄዋለሁ።

ማን ያጎርስሃል ላልሽው፣ የልጅ ልጅሽ አለችልኝ። እሑድ እሑድ ቤት ውስጥ ታኮያኪ እንሠራለን። እዚህ ከተማ ብዙ ቤት የራሱ መጥበሻ አለው፤ ብረቱ ላይ ክብ ክብ ጉድጓዶች አሉት። ሊጡ ይፈስበታል፣ መሐሉ ላይ ቁራጭ ኦክቶፐስ ይገባል። ልጅቷ እጇ ፈጣን ነው። ታችኛው በሰል ሲል በሹል እንጨት ዙሪያውን ታላቅቀዋለች፣ ትንሽ ታዞረዋለች፣ ጠርዙ ላይ የተረፈውን ሊጥ ወደ ውስጥ ትጠቀጥቃለች። ከዚያ ድጋሚ ስትገለብጠው ኳስ ሆኖ ይወጣል። ፊትሽን ስታኮማትሪ ታየኝ! አይዞሽ፣ ክንፍና ቅርፊት የሌለው አይበላም ያልሽውን አልረሳሁም። ለእኔ ድንችና አይብ ታደርግልኛለች። የመጀመሪያውን በእጇ ታጎርሰኛለች፤ እንደጋለ ነው የምውጠው።

በቾፕስቲክ ማጎረስ ግን አይቻልም። ከቾፕስቲክ ወደ ቾፕስቲክ ምግብ መቀባበል እዚህ ትልቅ ነውር ነው። አስከሬን ከተቃጠለ በኋላ ቤተሰቡ አጥንቱን እንደዚያ እየተቀባበለ ነው የሚያነሳው። አንድ ቀን ለአክስቷ ልጅ ልታቀብል ስትል የእናቷ እናት ደንግጠው እጇን ያዙ። «እሺ፣ በእጄ» ብላ አጎረሰችው። አንቺን ወጥታለች።

ልደቷን ሱሺ ቤት አከበርንላት። ሳህኑ በሚንቀሳቀስ የማሽን ቀበቶ ላይ እየዞረ ይመጣል፣ ያማረሽን ታነሻለሽ። በፈረንጆች 1958 እዚሁ ምሥራቅ ኦሳካ ነው የተጀመረው። ባለቤቱ ቢራ ፋብሪካ ገብቶ ጠርሙሱ በቀበቶ ሲጓዝ አይቶ ነው ያሰበው። ሒሳቡ በሳህን ስለሚቆጠር እሷ ደርድራ ቆጥራ ለአስተናጋጇ ነገረቻት። ቁጥር ላይ ጎበዝ ናት። አማርኛዋም እየተሻሻለ ነው።

ዶቶንቦሪ፣ ያ የምግብ ቤቶች ሰፈር፣ የወሰድኩሽ ቀን መስታወት ውስጥ ለማሳያ የተደረደረውን የፕላስቲክ ምግብ አይተሽ «ይሄ ሁሉ ሲውል አይበላሽም?» ያልሽው እስከ ዛሬ ቤታችን ይወራል።

የዚያን ጊዜውን ካነሳሁ ሌላውንም ልበለው። ሁዳዴ ነበር። እዚህ መጾም ከባድ ነው፤ አትክልት ብቻ የሚመስለው ምግብ እንኳ መረቁ ከዓሣ ነው የሚወጣው። ቦኒቶ የሚሉት ዓሣ በጢስ ደርቆ እንደ ፍቅፋቂ ይላግና መረቅ ይሆናል። በጾም ቀን ኡዶኑንም የምተወው ለዚህ ነው። ባለቤቴ ይህን ስለምታውቅ የቡድሃ መነኮሳት የሚበሉትን ምግብ ልትሠራልሽ ተነሳች። ኮያ ተራራ ላይ ያሉት ገዳማት በባህላቸው ሥጋም ዓሣም አያቀርቡም። ኮምቡ የሚባለውን የባሕር ቅጠል ማታውኑ ዘፈዘፈችው። ከደረቀ እንጉዳይ ጋር መረቅ አወጣችለት። ሰሊጥ ፈጭታ፣ እሳት ላይ እያማሰለች፣ ክንዷ እስኪዝል አረጋችው።

አንቺ ሳህኑን በጣትሽ ጫፍ ገፋ አደረግሽው። ከሻንጣሽ በሶ አውጥተሽ በጠበጥሽ። «ጠግባለች በላት» አልሽኝ፣ አልኳት።

ዓሣ የለበትም ብዬሽ ነበር እኮ፣ እማዬ። እኔን ነው ያላመንሽው ወይስ እሷን? ማታ ላይ «ጨው በዝቶበት ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። አሁንም ስምሽ ሲነሳ አንዳንዴ ትጠይቀኛለች። ምን ልበላት? ያን ቀን ከፍቶኛል፤ ዛሬም አልወጣልኝም።

አሁን ደግሞ ሽሮውንም ሁለቴ ጎርሰሽ ሳህኑን ትገፊያለሽ አሉ። ቀሚስሽ ሰፍቶሻል አሉ። ሐኪሙ ኢንዶስኮፒ፣ ጨጓራን በካሜራ የሚያዩበትን ምርመራ፣ ሲያዝልሽ «ጨጓራ ነው፣ የቆየ ነው» ብለሽ ተልባሽን ጠጥተሽ ተኛሽ። አባባም ጨጓራ ነው ነበር የሚለው።

የፈራሁትን ስሙን አልጽፈውም። ታውቂዋለሽ።

እዚህ አገር በሽታው ብዙ ሰው ይይዛል። የጨጓራ ባክቴሪያና ጨው የበዛበት ምግብ ያመጡታል ይላሉ። ስለዚህ ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ምንም ሳያመው በየ2 ዓመቱ ጨጓራውን እንዲመረመር ከተማው ራሱ ያዘጋጃል። አማቴ ይሄዳሉ። ጉሮሯቸውን ያደነዝዙላቸዋል፣ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ይገባል፣ በደቂቃዎች ያልቃል። ጉሮሯቸው ሲለቃቸው ኡዶን ቤት ጎራ ይላሉ። ደስ አይልም ግን ያስችላል ነው የሚሉት።

ለምርመራው ብር ልኬያለሁ፣ እህቴ ጋ ገብቷል። ለሌላ ነገር እንዳታውዪው፤ የጣሪያው ቆርቆሮ ይቆይ። ከማታ ጀምሮ ምንም አትቅመሺ፣ ተልባም ቢሆን። የግፊት መድኃኒትሽን ጠዋት ትውሰጂ አትውሰጂ ሐኪሙን አስቀድመሽ ጠይቂ። ጋቢሽን ያዢ፣ ኮሪደሩ ይበርዳል።

እኔ እንድማር ከራስሽ ምሳ ስትቀንሺ አያለሁ፤ ያኔም ገብቶኝ ነበር። አመሰግናለሁ።

የሚመጣው ሁዳዴ ሳይፈታ እንመጣለን። ባለቤቴ ኮምቡዋን ይዛ ትመጣለች፤ የምትሠራውም አንቺ ወጥ ቤት ነው፣ ቆመሽ እያየሽ። አንድ ጉርሻ ቅመሺላት። ካልጣፈጠሽ አልጣፈጠኝም በያት፣ ትችለዋለች። እሷ የማትችለው ዝም ስትዪ ነው።

ግን መጀመሪያ ሰኞ ሐኪም ቤት ሂጂ። የውጤቱን ወረቀት እህቴ ፎቶ አንስታ ትላክልኝ። ደግም ይሁን ክፉ፣ ከእኔ እንዳትደብቁኝ።

ልጅሽ