ሞተር ከመቀባቱ በፊት ይታጠብ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በአዳማ ዕድሜ የጠገቡ ቶዮታዎችና ላዳዎች ዛሬም ቤተሰብ ያስተዳድራሉ፤ ባለቤቶቻቸውም የሞተሩን ክፍሎች በየግቢያቸው ቀለም ሲቀቡ አያለሁ። ሥራውን እደግፋለሁ፤ ቀለሙ ብረቱን ከዝገት ይጠብቃል፣ በንጹሕ ሞተር ላይም ዘይት ከየት እንደሚያንጠባጥብ ወዲያው ይታያል። የሚያሳስበኝ የሚያፈስሰው ሳይጠገን፣ ቅባቱም ሳይታጠብ፣ ከላይ ብርማ ቀለም ተነፍቶበት ለሽያጭ የሚቀርበው ሞተር ነው። የጎማ ቱቦውና ሽቦው ሳይቀር ቀለም የለበሰ ሞተር ያየ ገዢ፣ ከሥሩ ምን እንደተሸፈነ መጠየቅ ይገባዋል።

የቀለሙ ዕድሜ የሚወሰነው በእጥበቱ ነው። ሞተሩ ከቀዘቀዘና የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድ ከተነቀለ በኋላ፣ ሊፈታ የሚችለውን ክፍል ፈትቶ መሥራት ይሻላል። ናፍጣ የቆየውን ቅባት ቢያለቅቅም፣ እሱ ራሱ ቀለም የማያስይዝ ስስ ቅባት ስለሚተው፣ በዱቄት ሳሙናና በሙቅ ውኃ ደጋግሞ አጥቦ ማድረቅ ግድ ነው። ቤንዚን ግን ፈጽሞ አይሞከር፤ ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ተስቦ ቡና የሚፈላበት ከሰል ዘንድ ሊደርስ ይችላል። ኮስቲክ ሶዳ የተባለው ኃይለኛ የማጽጃ ኬሚካልም የአሉሚኒየም ቴስታታን፣ ማለትም የሞተሩን የላይኛ ክፍል፣ ይበላል። በድሮ ጋስኬት (በሞተር ክፍሎች መጋጠሚያ መካከል የሚገባ ማሸጊያ) ውስጥ አስቤስቶስ የተባለ ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን ሊኖር ስለሚችል፣ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ከመፈተግ ይልቅ አርጥቦ ቀስ እያሉ ማላቀቅ ለሳንባ ይበጃል።

በርና ቆርቆሮ የሚቀባበት የዘይት ቀለም ለሞተር አይሆንም። ለሞተር የሚሠራው ቀለም እንደየዓይነቱ ከ150 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሙቀት ይችላል፤ የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ ግን ጭነት ሲበዛ ከ600 ዲግሪ በላይ ሊግል ስለሚችል ለብቻው የተዘጋጀ ቀለም ይፈልጋል። አሉሚኒየም ደግሞ የራሱ ፕራይመር (ከሥር የሚቀባ ማስያዣ ቀለም) ካልቀደመለት ቀለሙ ይላጣል።

ከከተማችን ዳር ተርባይን የሚያዞረው ንፋስ እርጥብ ቀለም ላይ አቧራ ስለሚለጥፍ፣ ግቢውን ውኃ አርከፍክፎ፣ ከንፋስ በተከለለ ነገር ግን አየር በማይታፈንበት ቦታ፣ ማስክ አድርጎ በስሱ ደጋግሞ መንፋት ያስፈልጋል። የጋስኬት መቀመጫ፣ የብሎን ጥርስ፣ የካንዴላ ቀዳዳና የኔጋቲቩ ገመድ ሞተሩ ላይ የሚታሰርበት ቦታ አስቀድመው ይሸፈኑ፤ ይህ ገመዱ የሚታሰርበት ቦታ ቀለም ከለበሰ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ኃይል አጥቶ ባለመኪናው ያለጥፋቱ ባትሪ ሊገዛ ይችላል።

ስለዚህ የአዳማ ቀለም ነጋዴዎች ጣሳው የሚችለውን የሙቀት መጠን ለገዢው ሳይጠየቁ እንዲናገሩ፣ ሞተሩን ቀብተው መኪና የሚሸጡም ከመቀባቱ በፊት ምን እንደተጠገነ ለገዢው እንዲያስረዱ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የአሮጌ መኪና ባለቤት
ከአዳማ