የቢሮ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ለመምረጥ፦ እሁድ ማታ በዙም

ሰላም ለሁላችሁ፣

በግል ቢሮ የምንሠራ አማካሪዎች የምንጠቀምበትን ሶፍትዌር እሁድ ማታ በ8 ሰዓት (በአሜሪካ አቆጣጠር) በዙም ተነጋግረን እንመርጣለን። የቀረቡት ሲምፕል ፕራክቲስ፣ ቴራፒ ኖትስ እና ጄን ናቸው። ሦስቱም ቀጠሮ፣ የምክር ማስታወሻና ክፍያ ይይዛሉ።

በአንድ ነገር አልደራደርም። በሂፓ (የአሜሪካ የጤና መረጃ ሚስጥር ጥበቃ ሕግ) መሠረት የደንበኛን መረጃ ለመጠበቅ ውል ከማይፈርም ድርጅት ጋር አንገባም። ብንለቅ ማስታወሻችንን አውርደን መውሰድ እንደምንችልም እናረጋግጥ።

የኛ ደንበኞች ጉዳይም አለ። የቀጠሮ ማስታወሻው "3:00" ሲል ብዙ እናቶች ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ይመስላቸዋል፤ ቀጠሮው ግን ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ መልእክቱን በአማርኛ መጻፍ ይቻል እንደሆነ እዩልኝ። ባልና ሚስትም በየአባታቸው ስም ስለሚመዘገቡ ፋይላቸውን ማገናኘት የግድ ነው።

እስከዚያው እያንዳንዳችሁ የአንዱን ነፃ ሙከራ ወይም ማሳያ ሞክሩ። የእውነተኛ ደንበኛ ስም እንዳታስገቡ፣ አደራ! ኢንሹራንስ የምትቀበሉ የክሌም (ለኢንሹራንሱ የሚላከው የክፍያ ጥያቄ) መላኪያውን ዋጋ ለይታችሁ ያዙ፤ ከወርሃዊው ክፍያ ውጭ ሊሆን ይችላል።

መገኘት አለመገኘታችሁንና የትኛውን እንደምትሞክሩ እስከ ዓርብ እዚሁ ጻፉልኝ። ሁላችንም አንዱ ላይ እንዳንረባረብ።