«ማምፕሲመስ» የንባብ ስህተት ማለት ብቻ አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

በቋንቋ አምዳችሁ «ማምፕሲመስ» የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል «የንባብ ስህተት» ተብሎ ተተርጉሟል። ትርጉሙ ጎዶሎ ስለሆነ ቢታረም መልካም ነው።

የቃሉ ምንጭ የሮም ካቶሊክ ቅዳሴ ነው። ከቁርባን በኋላ በላቲን የሚደገም አንድ አጭር ጸሎት አለ፤ «በአፋችን የተቀበልነውን፣ ጌታ ሆይ፣ በንጹሕ ልቡና እንያዘው» ይላል። «የተቀበልነውን» የሚለው በላቲኑ «ሱምፕሲሙስ» ነው፤ ግዕዙ «ነሣእነ» እንደሚለው ያለ የኃላፊ ጊዜ ግስ፣ መጨረሻው ላይ ያለችው «ሙስ» ደግሞ «እኛ»ን የምታመለክት። የመጀመሪያውን ድምፅ ለውጦ «ሙምፕሲሙስ» ያለ ሰው ትርጉም አልባ ቃል ተናገረ፤ በላቲን እንዲህ የሚባል ግስ የለምና። እንግሊዝኛው «ማምፕሲመስ» ብሎ የሚጠራው ይህንኑ ነው።

እንግሊዛዊው ሪቻርድ ፔስ በ1517 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንደጻፈው፣ አንድ ካህን 30 ዓመት ሙሉ «ሙምፕሲሙስ» ሲል ኖረ። ቢያርሙት፣ አሮጌውን ሙምፕሲሙሴን በአዲሱ ሱምፕሲሙሳችሁ አልለውጥም ብሎ ድርቅ አለ። ሆላንዳዊው ሊቅ ኢራስመስም ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ይህንኑ ታሪክ በደብዳቤ አንስቶታል። በዚያው ዓመት የግሪኩን ሐዲስ ኪዳን አሳትሞ ነበርና፣ የለመዱት ንባብ ሲነካባቸው የሚቆጡ ሰዎች በዙሪያው አልጠፉም።

እንግዲህ የቃሉ ፍሬ ነገር እንቢታው ነው። ሳያውቅ የተሳሳተ ሰው ማምፕሲመስ አይባልም፤ ታርሞ፣ ትክክሉን ሰምቶ፣ «ያው የለመድኩት ይሻለኛል» ያለው ነው የሚባለው። «የንባብ ስህተት» የሚለው ትርጉም ይህን ይጥለዋል።

በእንግሊዝኛ ቃሉ መጀመሪያ ሰውን ነው የሰደበው። የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚው ዊልያም ቲንደል በ1530 እ.ኤ.አ. የንጉሡ ታላቅ ሹም የነበረውን የካርዲናል ዎልዚን ሊቃውንት «የመለኮት ማምፕሲመሶች» ብሏቸዋል። ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ በታኅሣሥ 1545 እ.ኤ.አ. ለፓርላማው ሲናገር ግን ቃሉ ወደ ነገሩ ዞሯል፤ አንዳንዱ በአሮጌ ማምፕሲመሱ ደርቋል፣ ሌላው በአዲስ ሰምፕሲመሱ (ሱምፕሲሙሱ) ተጣድፏል ብሎ በሃይማኖት የሚከራከሩትን ሁለቱንም ወገን ወቀሰ። ዛሬም ሁለቱ ትርጉሞች ጎን ለጎን ይኖራሉ። «ኒውክሊየር» መባሉን እያወቀ «ኒውኪዩላር» ማለቱን የማይተው ሰውም አነጋገሩም ማምፕሲመስ ይባላሉ።

ስለዚህ ተርጓሚ አስቀድሞ ቃሉ ለማን እንደተነገረ ይይ። ለሰው ከሆነ «ቢያርሙት የማይታረም»፣ ለልማድ ከሆነ «አውቀው የማይተዉት ስህተት» ቢባል ይስማማል። «ግትር» ብቻውን አይበቃም፤ ትክክል ሆኖ ግትር የሚልም አለና።

ብዙ ቁጥሩ ላይም ጥንቃቄ ይደረግ። ጫፉ የላቲን ስም ስለሚመስል አንዳንዶች እንደ ላቲን ስም በ«ኢ» ያበዙታል። ሥሩ ግን ግስ ስለሆነ የላቲን የስም እርባታ አይገባውም፤ እንግሊዝኛው «ማምፕሲመሲዝ» ይላል፣ በአማርኛም «ማምፕሲመሶች» ይበቃል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ተርጓሚ