መጀመሪያ እጃቸውን ምን እንደያዘው ጠይቂ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እዚህ አትላንታ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽም ወንድምሽም ሰላም ይሉሻል።

ባለፈው እሁድ በስልክ ያልሽኝ ነገር ከጆሮዬ አልወጣ አለ። «እማ፣ ገበሬዎቹ አይሰሙኝም» አልሽ። የልማት ሠራተኛ ነሽና ጤፍ በጤፍ ላይ አትዝሩ፣ ሰብል አፈራርቁ፣ ኮምፖስት አዘጋጁ ትያቸዋለሽ። እሺ ይሉሻል። ከዚያ ያንኑ የድሮውን ያደርጋሉ። አንድ አባት ደግሞ «አንቺ በወር በወሩ ደመወዝ አለሽ፤ እኔ ያለችኝ ይቺው ማሳ ናት፣ ልሞክርባት አልችልም» እንዳሉሽ ስትነግሪኝ ድምፅሽ ተሰብሮ ነበር። እኔም መልስ አጣሁ። ዛሬ ሥራ ስለማልገባ ቡናዬን አፍልቼ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

ታስኪጊ ስለሚባል ቦታ ልነግርሽ ነው። አላባማ ውስጥ ነው፣ ከኛ ሁለት ሰዓት ገደማ በመኪና። አምና ከቤተ ክርስቲያን ጓደኞቼ ጋር ሄጄ ነበር። ስመ ጥር የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ አለ። ግቢው ውስጥ የጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር ሙዚየም አለ። ሌሎቹ ውጭ ፎቶ ሲነሱ እኔ እዚያው ቀረሁ። አያትሽን አሰብኩ፣ አንቺንም አሰብኩ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ።)

ካርቨር ሚዙሪ ውስጥ በ1860ዎቹ በባርነት የተወለደ ሰው ነው። እንደምንም ተምሮ፣ አዮዋ ውስጥ በግብርና ሁለተኛ ዲግሪውን ያዘ። በ1896 የታስኪጊ ትምህርት ቤት ኃላፊ የነበረው ቡከር ቲ. ዋሽንግተን ጠርቶት ታስኪጊ መጣ። ያገኘው መሬት ጥጥ በጥጥ ላይ ሲዘራበት የኖረ፣ የደከመ መሬት ነበር። ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ቦረቦር አውጥቶበታል። ብዙው ሰው ጥጡን እስከ ቤቱ ደጃፍ ይዘራል። ጓሮ የለም፣ ጎመን የለም። የሚበላው የበቆሎ ዱቄት፣ ጨው የገባበት የአሳማ ስብና ሞላሰስ ነው። በዚያ ምግብ የተነሳ ፔላግራ የሚባል በሽታ ደቡቡን ያሠቃየው ነበር።

አሁን ልብ በይልኝ። ጥጥ ብቻ የዘሩት ሞኝ ስለሆኑ አይደለም። አብዛኞቹ የእኩል አራሾች ነበሩ። መሬቱ የሌላ ነው። ዘሩንም፣ በቅሎውንም፣ እስከ መከር የሚበሉትን ቀለብም በዱቤ ይወስዳሉ። አበዳሪው ደግሞ የሚያበድረው በሚደርሰው ጥጥ ላይ ነው። ስኳር ድንች እዘራለሁ ለሚል ሰው አያበድርም። ጥጡ ተለቅሞ ሒሳብ ሲተሳሰብ ዕዳው ይተርፋል፣ ለከርሞ ይሻገራል። እንዲህ ያለውን ሰው «ጥጥ ተው» ብትይው ምን ይመልስልሻል? አያትሽ ስለ ጭሰኝነት ዘመን ሲያወሩ አገሩ ራቀ እንጂ ነገሩ ያው ነበር።

ካርቨር ታዲያ ገንዘብ የማያስወጣውን ነገር ፈለገ። ሥራ በሚቀዘቅዝበት ወራት ከጫካ ቅጠል ሰብስቡ አላቸው። ከረግረጉ ጥቁሩን ጭቃ አውጡ፣ ከበረት ፍግ ጋር ከምሩት፣ ሲብላላ ማሳው ላይ በትኑት አለ። ጠለቅ አድርጋችሁ እረሱ፣ ተዳፋቱ ላይ እርከን ሥሩ አለ። በ1898 ያወጣት የመጀመሪያዋ የምክር ወረቀት ስለ ምን ነበረች መሰለሽ? ስለ ኦክ ዛፍ ፍሬ! ጫካ ውስጥ ወድቆ የሚበሰብሰውን ለአሳማችሁ መግቡት ነው የምትለው። ድሀ የሆነ ሰው ደጁ ላይ ምን ወድቆ እንዳለ አይቶ ነው የጻፈው።

ከዚያ ጥራጥሬው መጣ። ሥሩ ላይ ያሉት እባጮች ናይትሮጅን የሚባለውን የሰብል ምግብ ከአየር እንደሚይዙ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ሳይንቲስቶች ያንን ያረጋገጡት በ1880ዎቹ ነው። 20 ዓመት ሳይሞላ ካርቨር ማንበብ የማይችል ገበሬ ማሳ ላይ አወረደው። ኦቾሎኒ ዝሩ አለ። ያቺ እዚህ ሱቅ ሁሉ የምትሸጠውን ጥቁር ዓይን ያላትን ነጭ ባቄላም ዝሩ አለ፤ ዘሯ ከአፍሪካ የመጣ ነው። ዋናው ሰብል ባይሆኑም መሬቱን ስለሚያለሙት ከርሞ ጥጡ ያምራል።

እኔን ይበልጥ ልቤን የነካኝ ግን ሌላ ነው። «ጥጥ ካልሆነ ምን አደርገዋለሁ?» እንደሚሉት ያውቅ ነበር። ስለዚህ አዘራሩን ጽፎ አያበቃም፣ አበሳሰሉንም ይጽፋል። በ1916 ስለ ኦቾሎኒ ባወጣው ወረቀት ላይ 105 ዓይነት አሠራር አለ፤ ሾርባው፣ ዳቦው፣ ኬኩ፣ ከረሜላው። በ1912 ደግሞ በሙቀት ወራት ሥጋ ሳይበላሽ እንዴት እንደሚቀመጥ ጻፈ። ሰዎች የኦቾሎኒ ቅቤን የፈለሰፈው እሱ ነው ይላሉ፤ አይደለም። ለእኔ ትልቅነቱ ሚስትየዋንም ማሰቡ ነው። ማታ ድስቱን የምትጥደው እሷ ናት። አንቺ ስብሰባ ስትጠሪ ሴቶቹ ይመጣሉ? ባልየው ብቻ ከሆነ የሚሰማሽ፣ ግማሹ ቤት አልሰማሽም።

ሰዉ ወደ ትምህርት ቤቱ አልመጣ ሲል ደግሞ ትምህርቱ ወደ ሰዉ ሄደ። በ1906 ካርቨር አንድ ጋሪ አሠራ። ወጪውን የረዳው ጄሱፕ የሚባል የኒውዮርክ ባለ ባንክ ስለነበረ ጋሪው በስሙ ተጠራ። ማረሻ፣ ዘር፣ የወተት መናጫ ተጭኖ በበቅሎ እየተጎተተ ከመንደር መንደር ዞረ። ይዞት የሚዞረው ቶማስ ካምቤል ነበር፤ በዚያው ዓመት በመንግሥት የግብርና መሥሪያ ቤት የተቀጠረ የመጀመሪያው ጥቁር ልማት ሠራተኛ። የአንቺ ሥራ ማለት ነው! አንድ ገበሬ ደጅ ይቆማል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ በዚያው ሰውዬ ማሳ ላይ ይሠራል፣ ሰዉ ያያል። እናንተ ሠርቶ ማሳያ የምትሉት ይኸው ነው።

አሜሪካ ይህን አሠራር በ1914 በሕግ ለመላው አገር አደረገችው። ወደኛም የደረሰው በዚሁ መንገድ ነው። የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ በ1950ዎቹ በኦክላሆማ ኮሌጅ እገዛ ሲቋቋም፣ ማስተማር፣ መመራመርና ገበሬው ዘንድ መውረድ የሚለው አብሮ መጣ። አንቺ የምታስሪውን ባጅ ስታይ የካምቤልን ጋሪም አስቢ።

ምክሩ ሁሉንም አዳነ ብዬ አልዋሽሽም። በ1892 አካባቢ ከሜክሲኮ ቴክሳስ የገባች ጥጥ በል ነቀዝ በ1910 አላባማ ደረሰች። ስንቱ ቤት ተፈታ። ዕዳውን ምክር አይከፍለውም። ብዙዎች ጥለው ወደ ሰሜን ተሰደዱ። ኢንተርፕራይዝ የምትባለው ከተማ ሰዎች ግን ወደ ኦቾሎኒ ዞረው አገገሙ። በ1919 ለነቀዟ ሐውልት አቆሙላት፣ ከጥጥ ያላቀቀችን እሷ ናት ብለው።

አሁን ወደ እኒያ አባት ልመለስ። ሰብል ማፈራረቅ አዲስ ነገር እንዳይመስልሽ። አያትሽ ጎጃም ጤፉ ሲነሳ በእርጥበቱ ሽንብራ ይዘሩ ነበር፤ «መሬቷ ትረፍ» ይሉ ነበር። እኒያ አባትም ያውቁታል። ታዲያ ለምን ተዉት? እሱን ነው ያልጠየቅሻቸው። መሬቱ ለልጆች ተከፋፍሎ ጠቦ ይሆናል። የማዳበሪያ ዕዳ ኖሮባቸው ጤፍ ብቻ የሚከፍልላቸው ይሆናል። ፍግ ጨምሩ ስትያቸው ደግሞ ፍጉ ኩበት ሆኖ ምድጃ እንደሚገባ አስቢ። እንጨት ከሌለ ምን ያንድዱ? ገለባውም የከብት ነው። ያንን ሳታውቂ የምትናገሪው ሁሉ ከላይ የመጣ ትእዛዝ ይመስላቸዋል።

ስለዚህ ብቻሽን ሂጂ፣ ቅጽ ሳትይዢ። ቡና ካሉሽ እምቢ አትበይ። ማሳውን ሁሉ አትጠይቂያቸው፤ ከዳር አንዲት ጥግ፣ ጎርፍ የበላትን ብትሆን ይሻላል፣ ለአንድ ዓመት ስጡኝ በያቸው። የምትዘሪውን ዘር አንቺ ቻይው፣ ብሩን እኔ እልካለሁ። ቅጠሉንም አብረሽ ተሸከሚ። ቢከስር የከሰረው ያንቺ እንጂ የልጆቻቸው ቀለብ እንዳይሆን።

ምን እንዳሉሽ ደውለሽ ንገሪኝ፤ ሌሊት ቢሆንም አነሳዋለሁ። በወሩ መጨረሻ ለሚመጣው ሰው ቦት ጫማ ሰጥቼዋለሁ፣ 38 ቁጥር። ከወፍራም ካልሲ ጋር ይሆንሻል።

እናትሽ