ባለ ሁለት ካሜራ የቆዳ ማንገቻን በተመለከተ የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለካሜራና ለፎቶግራፍ ዕቃዎች መደብሩ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ለሥራዬ የማይሆን ማንገቻ «ይሆናል» ተብሎ ስለተሸጠልኝ ገንዘቤ እንዲመለስና የደረሰብኝ ጉዳት እንዲካስ ስለመጠየቅ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

ታኅሣሥ ወር ላይ ከመደብራችሁ ባለ ሁለት ካሜራ የቆዳ ማንገቻ በ14,500 ብር ገዝቻለሁ፤ የደረሰኙ ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። ማንገቻው ለተገዛበት ሥራ አልሆነም። ማጅራቴን ጎድቷል፣ ነጠላዬን ቀለም አስነክቷል፣ በመጨረሻም በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካሜራዬን ከነሌንሱ ጥሎታል። ይህን ለማስረዳት ወደ መደብሩ ስመጣ ከሻጫችሁ ያገኘሁት መልስ «ዕቃው እንከን የለውም፤ ችግሩ አጠቃቀሙ ላይ ነው» የሚል ነው። በደንበኞች ፊት ቆሜ መከራከር ስላልፈለግሁ ነገሩን በጽሑፍ አቅርቤያለሁ።

ከመግዛቴ በፊት ሥራዬን በዝርዝር ተናግሬያለሁ። የማነሣው ሠርግ ነው። ከንጋቱ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጀምሮ ማታ አዳራሽ ውስጥ ኬክ እስኪቆረስ ድረስ ሁለት ካሜራ ከሰውነቴ አይወርድም። ሁለቱም ካኖን 5ዲ ማርክ 4 ናቸው፤ በቀኝ ጎኔ ባለው ላይ ሩቁን የሚያቀርበው ረጅሙ 70-200፣ በግራዬ ባለው ላይ አጭሩ 24-70 ሌንስ ተገጥሟል። አንዱ ቦዲ (ሌንስ ያልተገጠመለት ካሜራ) ከነባትሪው 890 ግራም ነው። ረጅሙ ሌንስ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ፣ አጭሩ 805 ግራም ይመዝናል። ፍላሹ ሲጨመር ከ4 ኪሎ ተኩል የማያንስ ሸክም ይሆናል። ሌንስ እየፈታሁ የምቀይርበት ጊዜ የለኝም፤ ሙሽራው ቀለበት ሲያጠልቅ አጭሩን፣ እናቱ ከኋላ እንባዋን ስትጠርግ ረጅሙን እጄ ሳላየው ማግኘት አለበት። ደግሞም ሴት ነኝ፤ ቤተ ክርስቲያን የምገባው ነጠላ ለብሼ ነው። ይህን ሁሉ ከነገርሁት በኋላ ሻጩ መልሶ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ቡናማው ይሻላል ጥቁሩ?»

ከዚያ ሳጥኑን አዙሮ «እስከ 20 ኪሎ ይሸከማል» የሚለውን አሳየኝ። ማንም ሰው 20 ኪሎ ካሜራ አንግቶ ሠርግ አይሄድም። ጠፍሩ ስለመበጠሱ አልጠየቅሁም። የጠየቅሁት ሸክሙ ሰውነቴ ላይ የት እንደሚያርፍ፣ ካሜራውን ወደ ዓይኔ ሳነሣ ጠፍሩ ይለቅልኝ እንደሆነ፣ ሳወርደው ደግሞ ወደ ቦታው ይመለስ እንደሆነ ነበር። በ20 ኪሎ የተመለሰልኝ ለዚህ ጥያቄ ነው።

ለብሼው መዋል ስጀምር የሆነው ይህ ነው። ሁለቱ ጠፍሮች ጀርባ ላይ የሚገናኙበት የቆዳ ቁራጭ አለ፤ ትክክለኛ ቦታው ከሁለቱ የትከሻ አጥንቶች መካከል ነው። ዘለበቱን በመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ብቆልፈውም ለእኔ ይሰፋል፤ ስለዚህ ሁለቱ ካሜራዎች ወደ ፊት በሳቡት ቁጥር ቁራጩ ሽቅብ እየወጣ ማጅራቴ ላይ ይቀመጣል። ሰው ባለ ሁለት ካሜራ ማንገቻ የሚገዛው ሸክሙ ከአንገቱ ወርዶ በትከሻና በጀርባው ላይ እንዲከፋፈል ነው። ይህኛው ከአንገቴ ያወረድሁትን መልሶ አንገቴ ላይ ጭኖታል። ጠፍሩ ሁለት ጣት እንኳ አይሞላም፤ ከሥሩ ምንም ልባስ የለውም፣ የተቆረጠው ጠርዙም አልተሞረደም። ሻጩ «ቆዳ ሲለመድ ይለሰልሳል» ብሎኝ ነበር። እውነት ነው፣ ይለሰልሳል። ነገር ግን ቆዳ ሲለመድ አያጥርም፤ እንዲያውም ይረዝማል። ለሰፊ ትከሻ የተለካ ማንገቻ በመለማመድ ጠባብ ትከሻ አይገጥምም።

ላብ ሲነካው ቡናማ ቀለሙን ለቅቆ ነጠላዬ ላይ ትቶታል፤ ታጥቦም አልወጣም። የሙሽራዋን ቬሎ አስተካክዬ፣ ሸማ ከለበሱ እናቶች መካከል ተጠግቼ የምውል ሰው ነኝ። ያ ቀለም ያረፈው ቬሎው ላይ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምጠይቃችሁ ገንዘብ ብዙ እጥፍ በሆነ ነበር። መንጠቆዎቹም የነጠላዬን ጥለት ይይዛሉ፤ ስራመድ ከቦዲው ብረት ጋር እየተጋጩ ያቃጭላሉ። አዳራሽ ውስጥ ማንም አይሰማውም። በቅዳሴ ላይ ግን ዲያቆኑ ዞሮ ያያል።

እስከዚህ ያለው ሁሉ የምቾት ጉዳይ ነው ብላችሁ ልታልፉት ትችሉ ይሆናል። ብሎኑ ግን የምቾት ጉዳይ አይደለም።

ማንገቻው ካሜራውን የሚይዘው በላይኞቹ የጠፍር ማሰሪያ ጆሮዎች ሳይሆን ከሥሩ ባለው የትራይፖድ (የባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ቀዳዳ ውስጥ በሚገባ ብሎን ነው። ይህ ቀዳዳ በአብዛኞቹ ካሜራዎች ላይ አንድ ዓይነት ልክ አለው፤ ስፋቱ ሩብ ኢንች፣ በአንድ ኢንች ርዝመት 20 ጥርስ። የተሠራው ካሜራ ትራይፖድ ላይ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ነው። ካሜራውን በዚያው ቀዳዳ ዘቅዝቆ ቀኑን ሙሉ ከዳሌ ጋር ማወዛወዝ ይቻላል፤ ብዙ ባልደረቦቼ ይሠሩበታል፤ ነገር ግን ብሎኑ እንዳይፈታ መጠንቀቂያ ያስፈልገዋል። በብሎኑ ራስና በካሜራው ሥር መካከል የጎማ ሮንዴላ (መሐሉ ቀዳዳ የሆነ ክብ ጎማ) ይገባል፤ ጎማው ሲጨመቅ ብሎኑን ነክሶ ይይዘዋል። ከብሎኑ ጋር የተያያዘው ቀለበት ደግሞ እንደ ልቡ መዞር አለበት፤ መዞሩን ካቆመ ካሜራው በተሽከረከረ ቁጥር ኃይሉ በቀጥታ ወደ ብሎኑ ይሄድና ቀስ በቀስ ያላላዋል። ሁለቱም ቢከዱ ካሜራውን በጆሮው በኩል ከማንገቻው ጋር አስሮ የሚያስቀር ቀጭን ገመድ ይኖራል።

እናንተ በሸጣችሁልኝ ሳጥን ውስጥ ሮንዴላ አልነበረም። ገመዱ በሳጥኑ ላይ ባለው ፎቶግራፍ ይታያል፤ በሳጥኑ ውስጥ ግን የለም። መቅረቱን በማግሥቱ ስልክ ደውዬ ስናገር «እሱ ለጌጥ ነው፣ አያስፈልግም» ተብያለሁ። የቀኙ ቀለበት ውስጡ ሻካራ ሆኖ እንደሚነክስና በሸክም ጊዜ መዞር እንደሚያቆም የጥገና ባለሙያ ፈትቶ አይቶታል፤ በጽሑፍ የሰጠኝ ማረጋገጫም ተያይዟል።

አንድ ሌላ ነገር አለ። 70-200 ሌንስ ትራይፖድ ላይ የሚታሰርበት የራሱ እግር አለው። እንዲህ ያለ ከባድ ሌንስ የሚንጠለጠለው በሌንሱ እግር እንጂ በቦዲው ሥር አይደለም፤ በእግሩ ሲያዝ ሸክሙ በሚዛኑ አቅራቢያ ይያዛል፤ በቦዲው ሲያዝ ግን ሌንሱ በተገጠመበት ቀለበት ላይ እየጎተተ ይውላል። መደብሩ ውስጥ «እግሩ ላይ አይሻልም?» ብዬ ጠይቄያለሁ። ሻጫችሁ «እግሩ ይጫጫራል» ብሎ በገዛ እጁ ቦዲው ሥር አሰረልኝ።

ጥር ላይ በአንድ ሥርዓተ ተክሊል፣ ሙሽሮቹ ካባ ለብሰው አክሊል ሲደፋላቸው፣ ተንበርክኬ በግራው ካሜራ ሳነሣ ቆየሁ። ስነሣ የቀኙ አብሮኝ አልተነሣም። ብሎኑ መንጠቆው ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፤ ካሜራው ወለሉ ላይ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ወለል ምንጣፍ በመሆኑ ቦዲው ተርፏል። ሌንሱ ጫፍ ላይ ብርሃን ለመከለል የሚገጠመው ኮፍያ ግን ተሰነጠቀ፤ ሌንሱም ተፈትሾ መስተካከል አስፈልጎታል። ለፍተሻውና ለኮፍያው 6,200 ብር ከፍያለሁ። ከጧቱ እስከዚያ ሰዓት ያነሣሁት ሁሉ በካርዱ ላይ ነበር፤ ተክሊል ደግሞ «እንደገና እናንሣው» የሚባልበት ሥርዓት አይደለም።

እንግዲህ «አጠቃቀሙ ነው» ስትሉኝ የትኛውን አጠቃቀም ማለታችሁ እንደሆነ ይብራራልኝ። ብሎኑ የታሰረው በሻጫችሁ እጅ ነው። ገመዱ አያስፈልግም ያለው መደብሩ ነው። ሁለት ካሜራ መሸከም፣ መንበርከክ፣ መነሣት፣ መሮጥ የሠርግ ፎቶግራፍ ሥራ ነው፤ ይህንንም ገንዘቡን ከመክፈሌ በፊት ተናግሬያለሁ።

መደብራችሁን በክፋት አልከስም። ችግሩ ማንገቻ የምትሸጡበት መንገድ ይመስለኛል። መደርደሪያችሁ ላይ ማንገቻዎቹ በቀለም ተደርድረዋል፤ ጥቁር ከጥቁር፣ ቡናማ ከቡናማ። ጫማን በቁጥር ሳይሆን በቀለም ብቻ እንደመሸጥ ነው። መጠየቅ ያለበት ሰውየው እንዴት እንደሚያነሣ ነው። ጃንሜዳ በከተራ ዕለት ሕዝብ መካከል ገብቶ የሚሠራ ጋዜጠኛ ከጎኑ የሚወዛወዝ ረጅም ጠፍር አይሆነውም፤ ሰው ይመታበታል፣ ለሌባም ይመቻል፤ እሱ የሚፈልገው ካሜራውን ደረቱ ላይ አጥብቆ የሚያስቀር፣ በአንድ እጅ የሚረዝምና የሚያጥር ማንገቻ ነው። ጭላዳ ሊያነሣ ሰሜን ተራሮች የሚወጣ ሰው የጀርባ ቦርሳ ይሸከማልና ደረቱን የሚያቋርጥ ማንገቻ ከቦርሳው ጠፍር ጋር ይጣላበታል፤ በቦርሳው የትከሻ ጠፍር ላይ የሚቆለፍ መያዣ ይበጀዋል። ቪዲዮ የሚቀርጽ ደግሞ የትራይፖድ ቀዳዳው ነጻ እንዲሆንለት ይፈልጋል፤ ማንገቻውንም አንገቱ ላይ ወጥሮ እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ይጠቀምበታል። አንዲት ትንሽ ካሜራ ይዞ ፒያሳን ለሚዞር ሰው የእጅ አንጓ ማሰሪያ ይበቃዋል፤ 14,500 ብር ማስወጣትም አያስፈልግም። ለእኔ ደግሞ ቀለም የማይለቅ ሰፊና ለስላሳ ጨርቅ፣ ለጠባብ ትከሻ የሚያጥር፣ የማያቃጭል ነገር በቂ ነበር። እንዲህ ያለው ከቆዳው ሥር ባለው መደርደሪያ ላይ ተሰቅሎ በኋላ አይቼዋለሁ፤ ዋጋው ከግማሽ በታች ነው። ለምን እንዳልታየልኝ ግምቴን እዚህ አልጽፍም።

በመደብሩ ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን የተሸጠ ነገር ለተለመደው አገልግሎት ብቻ ሳይሆን በግልጽም ሆነ በዝምታ በውሉ ለታሰበው ልዩ አገልግሎት ጭምር ተገቢ እንዲሆን ሻጩን ያስገድዳል። ልዩ አገልግሎቱን በቃል ዘርዝሬ የነገርኋችሁ እኔ ነኝ፤ «ይሆናል» ብላችሁ የሸጣችሁት እናንተ ናችሁ። የግድግዳው ወረቀት ይህን አያስቀረውም።

ስለዚህ የማንገቻው ዋጋ 14,500 ብርና ለጥገና የወጣው 6,200 ብር እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። በሌላ ማንገቻ ይለወጥልሽ የሚል አማራጭ አልቀበልም። ከዚህም በላይ፣ ለእኔ የሚጨምርልኝ ነገር ባይኖርም፣ በመጋዘናችሁ የቀሩትን ተመሳሳይ ሳጥኖች ከፍታችሁ ሮንዴላውና ገመዱ መኖራቸውን፣ ቀለበቶቹም መዞራቸውን እንድታዩ፣ ቀድመው ለገዙትም ደውላችሁ እንድታሳውቁ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ደረሰኝ ላይ የሁሉም ስልክ ቁጥር አለ። ሌላ ፎቶግራፍ አንሺ ይህንኑ ዕቃ አንግቶ ደረጃ ላይ ወይም ሰገነት ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል፤ ከሥር ደግሞ ሰው ይኖራል።

የካቲት 17 ዐቢይ ጾም ስለሚገባ እስከዚያ በየሳምንቱ መጨረሻ ሥራ ላይ ነኝ፤ በሌሎቹ ቀናት ግን መምጣት እችላለሁ። መልሳችሁን እስከዚያው ዕለት በጽሑፍ እጠብቃለሁ። ካልደረሰኝ ይህንኑ ደብዳቤ ከነማስረጃዎቹ የሸማቾችን አቤቱታ ለሚቀበለው የመንግሥት አካል አቀርባለሁ። ማንገቻው ከነሳጥኑ፣ ብሎኑም እንደወደቀ ሳይነካ በእጄ ይገኛል፤ ባለሙያችሁ ሊያየው ከፈለገ እኔ ባለሁበት ማየት ይችላል።

ከሰላምታ ጋር
የሠርግ ፎቶግራፍ አንሺ
(ስሜና ስልክ ቁጥሬ በደረሰኙ ላይ ሰፍሯል)

አባሪ፦ የሽያጭ ደረሰኝ ቅጂ፣ የጥገና ደረሰኝና የባለሙያ ማረጋገጫ፣ የብሎኑ፣ የቀለበቱና የነጠላው ፎቶግራፎች