አባዬ ተኝቷል

አባዬ፣

ይህን የምጽፈው ሳሎን ሶፋው ላይ ተቀምጬ ነው። አንተ መኝታ ቤት ነህ። በሩ ገርበብ ብሏል፣ ስታንኮራፋ ይሰማኛል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። በመሀላችን ያለው ስድስት እርምጃ ቢሆን ነው። ግን ይኸው ከገባሁ 4 ቀኔ፣ ልነግርህ የፈለግኩትን ሳልነግርህ ቡና አፈላለሁ፣ አጥሚት እሠራለሁ፣ ጠያቂ እቀበላለሁ። ጠያቂው ደግሞ አያልቅም። «እንኳን በሰላም ገባሽ» እና «እግዜር ይማርልሽ» በአንድ ትንፋሽ ነው የሚሉኝ። ፊት ለፊት ልነግርህ ሞክሬ አልሆነልኝም፣ ስለዚህ ጻፍኩት። ፊደሉን ትልልቅ ያደረግኩት መነጽርህን ፍለጋ እንዳትነሳ ነው።

ደህና ደህናውን ላስቀድም። ትምህርቱን ጨርሻለሁ። 9 ወር ጣልያን ሀገር ፔሩጂያ ተቀምጬ ቼሊ የሚባለውን የጣልያንኛ ፈተና 3ኛውን ደረጃ ወስጃለሁ። ውጤቱ ገና ነው። በቃል ፈተናው ላይ ፎቶ ይሰጡና አስረጂ ይላሉ። ለእኔ የደረሰኝ አንድ ሽማግሌ ብስክሌት ሲጠግኑ የሚያሳይ ነበር። አባዬ፣ አፌ እንደዚያ ቀን ተፈትቶ አያውቅም። ስለ ሰውየው እጅ ብቻ የተሰጠኝን ደቂቃ ጨረስኩት። ጥፍራቸው ሥር የገባው ጥቁር ግሪስ በኦሞም በጋዝም እንደማይለቅ ተናገርኩ። ፈታኟ ሳቀች። ከየት አወቅሽ አላለችኝም እንጂ ብትለኝ እነግራት ነበር።

ትምህርት ቤቱ ለውጭ ሀገር ሰው ጣልያንኛ ማስተማር የጀመረው በፈረንጆቹ 1921 ነው፣ ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሕንፃው ፓላዞ ጋሌንጋ ይባላል። ፊት ለፊቱ ከሮማውያን በፊት የነበሩት ኤትሩስካውያን የሠሩት ትልቅ የድንጋይ በር አለ፣ ሰው እስከ ዛሬ በሥሩ ያልፋል። ከተማው ዳገት ላይ ነው። የእንጦጦን መንገድ ለለመደ እግር አይከብድም፣ ግን ብርዱ ሌላ ነው።

የመጀመሪያው ቀን መምህራችን የምታውቁትን ቃል ንገሩኝ አለች። ሌላው ፒዛ ይላል፣ ቻው ይላል። እኔ ምን አልኩ መሰለህ? ፍሪሲዮን። ካንዴላ። ፍሬቻ። ማርሚታ። ኩሽኔታ። መምህሯ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አየችኝ። «አባትሽ መካኒክ ናቸው?» አለችኝ። የዚያን ዕለት ማታ መዝገበ ቃላት ይዤ ያንተን ቃላት አንድ በአንድ ፈለግኳቸው። ካንዴላ ለካ ሻማ ማለት ነው። ፍሬቻ ፍላጻ ነው። ማርሚታ ድስት። ኩሽኔታ ደግሞ ትንሽ ትራስ ማለት ነው አባዬ። 40 ዓመት ሙሉ በመዶሻ እየመታህ ስታስገባና ስታወጣ የኖርከው ትንሽ ትራስ ነው። እንደዚያ ቀን ልደውልልህ ያማረኝ ቀን የለም። ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት።

ያልደወልኩት ስሄድ ያልከኝ ነገር ጆሮዬ ውስጥ ስለነበረ ነው። «እኔ የነሱን ቃል የምጠራው እንጀራዬ ስለሆነ ነው፣ አንቺን ምን አስገደደሽ?» አልከኝ። ቦሌም አልሸኘኸኝም። ማሙሽ ነው ያደረሰኝ፣ መንገዱን ሙሉ «ጉልበቱን አሞት ነው» እያለ። ጉልበትህን እንዳላመመህ አውቃለሁ። የአጎትህንም ነገር አውቃለሁ። በየዓመቱ የካቲት 12 ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ሥር ኮፍያህን አውልቀህ ስትቆም ትከሻህ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። ረስቼ አልሄድኩም።

ሮም ስንደርስ ከባቡር ጣቢያው እንደወጣን ያለው አደባባይ ስሙ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? የአምስት መቶዎቹ አደባባይ። ዶጋሊ ላይ በ1879 ራስ አሉላ የጨረሷቸው ወታደሮች መታሰቢያ ነው። ሕዝቡ ሻንጣውን እየጎተተ በላዩ ያልፋል። አብረውኝ የነበሩት ቱርካዊቷ፣ ብራዚላዊውና ኮሪያዊቷ ናቸው። አራታችን የምንግባባው በጣልያንኛ ብቻ ነው። እዚያው ቆሜ ነገርኳቸው። አምስት መቶዎቹ እነማን እንደሆኑ፣ እዚያ ቀይ ባሕር አጠገብ ምን ሊያደርጉ እንደመጡ። ከዚያ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅቱ፣ የፋኦ ሕንፃ ፊት ለፊት ወሰድኳቸው፣ የአክሱም ሐውልት ቆሞ የነበረበት። በፈረንጆቹ 1937 ወስደውት በ2005 ነው የመለሱት፣ ሀገሩ ላይ ዳግም የቆመው ደግሞ በ2008። አሁን ቦታው ላይ ሌላ መታሰቢያ አቁመዋል፣ ሁለት ዓምዶች። መኪናው ይዞራል፣ ይዞራል። በነሱ ቋንቋ፣ በነሱ ከተማ፣ ይሄ የእኛ ነበር ብዬ ስናገር አንተ አጠገቤ ብትሆን ብዬ ተመኘሁ። እውነቴን ነው። ያኔም ልደውልልህ ፈልጌ ነበር።

ግን እንዴት ልደውል? አንተ የምታውቀው ፔሩጂያ ሆኜ ለፈተና ሳጠና ነዋ።

ይኸው ወጣልኝ። ፈተናው ያለቀው ሰኔ ውስጥ ነው። ላንተ «ተራዘመ፣ ሐምሌ አጋማሽ ነው» አልኩህ። ዋሸሁህ። 31 ዓመት ሞልቶኝ፣ በራሴ ገንዘብ፣ ከጓደኞቼ ጋር ሁለት ሳምንት ለመዞር አባቴን ዋሸሁ። ለምን እንደዋሸሁ ደግሞ አንተም ታውቀዋለህ ብዬ አምናለሁ። 12ኛ ክፍል፣ የሶደሬው ጉዞ።

እማዬ 150 ብሩን ከዕቁቧ ላይ አውጥታ ከፍላልኛለች። አውቶቡሱ ት/ቤቱ በር ላይ ቆሟል፣ ገና ጎህ አልቀደደም። መስኮት ጋ ተቀምጬያለሁ። ቱታህን እንደለበስክ ገባህ። ሹፌሩንም መምህሩንም ሰላም አላልክም። «ውረጂ» አልከኝ። ሌላ ቃል አልጨመርክም። ክፍሉ በሙሉ እያየኝ፣ ቦርሳዬ ወንበሩ ላይ ተጠምዶ አልወጣ ብሎኝ፣ ስታገል ቆመህ ጠበቅከኝ። ከዚያ ፒያሳ ድረስ ከኋላህ ከኋላህ መጣሁ። መንገድ ላይ ቆም ብለህ ትኩስ ቦምቦሊኖ ገዝተህ በጋዜጣ ጠቅልለህ ሰጠኸኝ። አልበላሁትም። ዘይቱ ጋዜጣውን አልፎ ዩኒፎርሜን እስኪያቆሽሸው ድረስ ጨብጬው ነበር። ጋራዥ ስንደርስ ጎማው ላይ አስቀመጥኩት። ማን እንደበላው አላውቅም።

14 ዓመት ሙሉ ለምን ብዬ አልጠየቅኩህም። እማዬም ሳትነግረኝ ሄደች። የሰማኸው ነገር ነበር? ያየኸው ሕልም ነበር? አደጋ ፈርተህ ነው? የመጣ መኪና ስትፈታ ምን ምን እንደምታይ አሁን ሳስበው፣ መንገድ ላይ የተጨፈለቀውን ሁሉ ስትጎትት የኖርክ ሰው ነህና ይገባኝ ይሆናል። ግን አልነገርከኝም። አንድ ቀን ብትነግረኝ ኖሮ ሰኔ ላይ አልዋሽህም ነበር። አሁንም ብትነግረኝ እሰማሃለሁ።

ሚጡ ትናንት የፊት ጥርሷ ወለቀ። አንተ ተኝተህ ነበር። ከማሙሽ ጋር ሆነን ቆርቆሮው ላይ ወረወርንላት። «አያቴም ጥርሱን እዚህ ነው የወረወረው?» ብላ ጠየቀችን። አንደኛ ክፍል ልትገባ ነው፣ ቦርሳ ካልገዛችሁልኝ እያለች ነው። ከጣልያን ያመጣሁላትን ጫማ አሁንም እንዳደረገችው ነው የምትተኛው።

ወደ ነገሬ ልመለስ።

ከሮም ኔፕልስ ሄድን። ከዚያ በመርከብ አንድ ሰዓት ገደማ ተጉዘን ፕሮቺዳ የምትባል ትንሽ ደሴት ገባን። ቤቶቿ ሮዝና ቢጫ ናቸው፣ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን በር ላይ ያሰጣሉ። አባዬ፣ ባሕር አይቼ አላውቅም ነበር። አንተም አላየህም። ጫማዬን አውልቄ ስገባ ውሃው ሞቃት ነበር፣ ጨው እንደሆነ ባውቅም አፌ ውስጥ ገብቶ ሲያቃጥለኝ ጮህኩ። ጓደኞቼ ፎቶ አነሱኝ። ደስታዬ ሲበዛ ውሸቴን ረስቼ ፎቶውን በቴሌግራም ለማሙሽ ላክሁለት። «ለአባዬ አሳይልኝ፣ እውነቱን ንገረው፣ ይቆጣ» አልኩት። ብዙ ቆይቶ መለሰልኝ። «አባዬ ተኝቷል» አለኝ።

ሰዓቱን አየሁ፣ በእኛ ሀገር ከሰዓት ነው። ከምሳ በኋላ ጋደም ብሎ ይሆናል አልኩ። በማግስቱም «ተኝቷል»። በሦስተኛው ቀንም። እኔ እኮ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ዕረፍት አገኘ ብዬ። ጋራዡ 2016 ላይ ከፈረሰ ወዲህ እንቅልፍ አጥቶ ነበር፣ ይተኛ ብዬ። ያን ጊዜ አንተ ጓሮ አዳልጦህ ወድቀህ፣ ግፊትህ ሰማይ ነክቶ፣ ሆስፒታል ነው የተኛኸው። 6 ሌሊት። እኔ 6 ቀን የባሕር ፎቶ እልክ ነበር።

ማሙሽን ስይዘው አልዋሸሁሽም አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልዋሸም። ግን አንተ ነህ አሉ «እንዳትነግሯት፣ ሰው ሀገር ሆና ለምን ትጨነቅ» ያልከው። አባዬ፣ በጣም አዝኛለሁ። ይህን ነው ስድስት እርምጃ ተራምጄ ልነግርህ ያቃተኝ። አጎቴን ያደረጋችሁትን እኔን እንዳታደርጉኝ። መርዶው ሳይነገረው ሁለት ዓመት ሙሉ ለአያቴ ቡና የሚገዛበት ዶላር ሲልክ የኖረውን አልረሳሁትም። ሲመጣ ቦሌ በር ላይ እንዴት እንደወደቀ አይቻለሁ። እኔ ያንን አልችልም። ባሕር ውስጥም ብሆን፣ ፈተና ላይም ብሆን ንገሩኝ። ደንግጬ ልምጣ። መምጣት ባልችል እንኳ አውቄ ላልቅስ።

እኔም አልዋሽህም። የሆነውን እነግርሃለሁ፣ ብትቆጣም። ጥቅምት ላይ በትርጉም ሥራ አንድ ወር ሮም ሊልኩኝ ይፈልጋሉ። እሺ አላልኩም፣ እምቢም አላልኩም። ከአሁኑ እንድታውቀው ነው።

ትናንት ሬዲዮኑን ልትፈታ ካቻቪቴ ይዘህ ስትቀመጥ በር ላይ ነበርኩ። ግራ እጅህ ሬዲዮኑን መያዝ አልቻለም። ካቻቪቴው ብሎኑን ሦስት ጊዜ ሳተው። በአራተኛው ገባልህ። ቀና ብለህ ማን እንዳየህ ዞር ዞር ብለህ ስታይ ወደ ኩሽና ሸሸሁ። እዚያ ቆሜ አለቀስኩ። ብይዝልህ ኖሮ ትቆጣ ነበር? ከዛሬ ጀምሮ ሬዲዮኑን እኔ ልያዝ፣ አንተ ፍታ። ሌላም የሚፈታ አለ፣ የኩሽናው ምድጃ አንዱ ዓይኑ አይሠራም።

የደም ግፊት መለኪያውን ከጣልያን ነው ያመጣሁት። ጠዋት ቡና ሳትጠጣ፣ ቁጭ ብለህ፣ እጅህን ጠረጴዛው ላይ አሳርፈህ ለካ። ቁጥሩን ሰማያዊው ደብተር ላይ ጻፈው። ባትሪው ሲያልቅ ትርፉ መሳቢያው ውስጥ ነው። ኪኒኑን «ዛሬ ደህና ነኝ» ብለህ አትዝለለው፣ ደህና የሆንከው በሱ ነው። ሽሮውን ጨው ቀንሼ እሠራለሁ፣ ከጎረቤት አስመጥተህ እንዳትጨምርበት፣ ነግሬያቸዋለሁ። ጓሮው ላይ ማሙሽ ነገ አሸዋ ያፈስበታል።

ማክሰኞ 3 ሰዓት ቀጠሮ አለህ። የምወስድህ እኔ ነኝ፣ በዚያች ፊያትህ፣ እኔ እየነዳሁ። ቁልፏን ከምስማሩ ላይ ብታጣው እንዳትደነግጥ። አልደበቅኩትም። ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ የፊት ኪሱ ላይ።

ልጅህ