ልጆቹን በጎናቸው አስተኟቸው

ይድረስ ለስፖርት ገጽ አዘጋጅ፣

ቅዳሜ ቅዳሜ የእህቴን ልጅ መሀል ከተማ ወዳለ አንድ የመዋኛ ገንዳ እወስዳታለሁ። አሠልጣኙ ትጉህ ሰው ነው። ትምህርቱ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «እግር! እግር! ምቱ!» ነው። ልጆቹ የስፖንጅ ሰሌዳ ይዘው፣ ብስክሌት እንደሚነዳ ሰው እግራቸውን ከጉልበት እያጠፉ ውሃውን አረፋ በአረፋ ያደርጉታል። ፈቀቅ ግን አይሉም። ገንዳውን ሳያጋምሱ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በነጻ ቀዘፋ (በደረት ተኝቶ ሁለቱን ክንዶች በየተራ እየቀዘፉ በሚዋኙት ስልት) ወደፊት የሚወስደን በዋናነት ክንድ ነው። እግር ሰውነትን አጋድሞ ይይዛል፣ ሚዛን ይጠብቃል። የጭንና የመቀመጫ ጡንቻዎች ትልልቅ ናቸው፤ ኦክስጅን ይጨርሳሉ። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ለጀማሪ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የጎደለው መዞር ነው። ትከሻና ዳሌ አብረው አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ማጋደል አለባቸው። ያኔ ክንድ ይረዝማል፣ ትከሻ አይጨናነቅም፣ አፍም ከሰውነት ጋር አብሮ ዞሮ አየር ያገኛል። ሳይዞር መተንፈስ የፈለገ ልጅ ጭንቅላቱን ቀና ያደርጋል። ጭንቅላት ቀና ሲል እግር ይሰምጣል። እግሩ ሲሰምጥ አሠልጣኙ «ምታ!» ይለዋል።

ምቱም ቢሆን ከዳሌ ነው የሚነሳው፤ ጉልበት ትንሽ ላላ፣ ቁርጭምጭሚት ፈታ ብሎ። ቀኝ እጅ ውሃ ሲገባ ግራ እግር ወደ ታች ይመታል። ያቺ ምት ዳሌን ታዞራለች። ረጅም ርቀት ከሚዋኙት ብዙዎቹ ሁለቱ ክንዶች አንድ አንድ ጊዜ እስኪቀዝፉ ሁለቴ ብቻ ይመታሉ፤ በአጭር ርቀት ስድስት ይሆናል። በቶኪዮ ኦሊምፒክ አሜሪካዊው ቦቢ ፊንክ የ800 ሜትሩንም የ1,500 ሜትሩንም ነጻ ቀዘፋ ያሸነፈው በመጨረሻው 50 ሜትር ተፈትልኮ ነው። ለዚያ የሚሆን ጉልበት የሚተርፈው ቀድሞ ላላባከነ ሰው ነው።

ከእህቴ ልጅ ጋር እንዲህ እንሠራለን። ግድግዳውን ገፍታ በጎኗ ትጋደማለች። የታችኛው ክንዷ ወደፊት ተዘርግቶ፣ ጆሮዋ እሱ ላይ ያርፋል። የላይኛው እጇ ጭኗ ላይ ነው። ቀስ እያለች ትመታለች። አየር ስትፈልግ ፊቷን በትንሹ ታዞራለች፤ አንዱ የመነጽሯ ዓይን ከውሃ አይወጣም። ከዚያ በሌላው ጎን።

አሠልጣኞች ሆይ፣ ሰሌዳውን ጣሉት አልልም። የሰዓቱን ግማሽ ብቻ ለዚህ ስጡት። እናንተም አዘጋጆች፣ ከእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊጉ ገጽ ላይ ትንሽ ቆርሳችሁ ለዋና ትምህርት ቦታ ብትሰጡ ወላጆች እናመሰግናለን።

የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት፣ ከአራት ኪሎ